ትንሽ ሆነህ ግዙፍ ስትገጥም፦ ከባድ ሚዛን ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ዩክሬናዊው ቦክሰኛ ኡሲክ ግዙፉን እንግሊዛዊ ፊዩሪን ካሸነፈ ወዲህ ቦክስ ጂም የሚመጣው ጎረምሳ ሁሉ ኡሲክ ሆኗል። ጃብ (በፊት እጅ የሚሰነዘረውን ቀጥ ያለ ፈጣን ቡጢ) በቅጡ ያልለመደው ልጅ እንኳ በግራኝ አቋም ይቆማል፣ ትከሻውን ያወዛውዛል፣ በእግር ጣቱ ይዘላል። ማየቱ ደስ ይላል። ችግሩ የሚቀዱት ውዝዋዜውን ነው፤ ሥራውን ማንም አይቀዳም።

እኛ ሀገር ከባድ ሚዛን ብርቅ ነው። ጂሞቻችንን የሞሉት ቀላል ሚዛኖች ናቸው። ስለዚህ 86 ኪሎ የሆነ ልጅ ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) ሲፈልግ እኩያ አያገኝም። ካለው ሰው ጋር ይገባል፤ ያለው ሰው ደግሞ 105 ኪሎ ነው። ከዚያ እኔ ገመዱ ላይ ተደግፌ እጮሃለሁ። ሁሌም የምጮኸው ያንኑ ስለሆነ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መሸሽ

ከሁሉም በፊት ይሄ። «ትንሽ ነኝ፣ ፈጣን ነኝ፣ ስለዚህ እሮጣለሁ።» ማነው ይህን ያስተማራችሁ?

ሪንጉን አስበው። ግዙፉ መሀል ላይ ቆሟል። አንተ ገመድ ገመዱን ይዘህ ትዞራለህ። እሱ አንድ እርምጃ ሲራመድ፣ አንዳንዴም ባለበት ዞር ሲል፣ አንተ ሦስት አራት እርምጃ ትሄዳለህ። ማን ቀድሞ የሚደክም ይመስልሃል?

አንድ ልጅ ነበር፤ እጁ ፈጣን፣ እግሩም ቀላል። ተጋጣሚው ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ዝግ ያለ ሰው። በመጀመሪያው ዙር ልጁ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። ጃብ ጣል ያደርግና ይሸሻል። ዙሩ ሲያልቅ ወደ ማረፊያ ጥጋችን መጥቶ ቁጭ አለና ፈገግ አለልኝ።

«ኮች፣ አንዴም አልነካኝም እኮ!»

«አንተስ ስንቴ ነካኸው?»

ዝም። ሁለተኛው ዙር ሲጋመስ አፉ ተከፈተ። ሰውዬው ገና ላቡ እንኳ አልመጣም። ሦስተኛውን ዙር ልጁ ጀርባውን ለገመድ ሰጥቶ፣ ጓንቱን ፊቱ ላይ ደቅኖ ሲቀበል ጨረሰው።

አሁን ኡሲክን ተመልከት። መስከረም 25 ቀን 2021፣ ለንደን፣ የቶተንሃም ስታዲየም። ተጋጣሚው እንግሊዛዊው ጆሹዋ 198 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ 109 ኪሎ። ኡሲክ 191 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ 100 ኪሎ። ሸሸ እንዴ? አልሸሸም። ወደፊት ነው የሄደው። ቀኝ ጓንቱን ዘርግቶ የጆሹዋን ግራ ጓንት ነካ ነካ ያደርጋል። ግማሽ እርምጃ ይገባል። የሚመታ መስሎ አይመታም። የማይመታ መስሎ ይመታል። ጆሹዋ ለእያንዳንዷ ነካ ነካ መልስ መስጠት አለበት፤ ወይ ጋርዱን (መከላከያ እጆቹን) ያነሳል፣ ወይ ወደ ኋላ ይላል፣ ወይ እግሩን እንደገና ያስተካክላል። 109 ኪሎ ደግሞ በየሦስት ሰኮንዱ ማስተካከል ቀልድ አይደለም። በ12ኛው ዙር መጨረሻ ገመድ ላይ ተደግፎ ቡጢ ሲወርድበት የነበረው ትልቁ ሰውዬ ነው። ዳኞቹም 117 ለ112፣ 116 ለ112፣ 115 ለ113 ብለው ለኡሲክ ሰጡት።

እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነው፦ ትንሹ የሚያሸንፈው ትልቁን ሲያሠራው ነው። እግሩን ሲያሠራው፣ ሐሳቡን ሲያሠራው። ራሱ ከሠራማ ምኑን ተጠቀመ? እየዞርክ ከሆነ የምትሠራው አንተ ነህ። ሳይመታህ ስለዋለ ያሸነፍክ አይምሰልህ፤ እሱ ቆሞ እያረፈ ነው። ይህን ስንት ጊዜ ተናግሬ ስንት ጊዜ «እሺ ኮች» እንደተባልኩ እኔና የጂሙ ግድግዳ ነን የምናውቀው።

በቀጥታ ወደ ኋላ መውጣት

ገባህ፣ ሁለት ቡጢ አሳረፍክ። ጎበዝ። ከዚያ አገጭህን ቀና አድርገህ በመጣህበት መስመር ወደ ኋላ ወጣህ። የረጅም ሰው ቀኝ እጅ ደግሞ የሚያልቀው እዚያው አንተ የቆምክበት ቦታ ላይ ነው። ቡጢ ከሁሉ የሚከፋው እጁ ተዘርግቶ ሊያልቅ ሲል ነው።

በገባህበት በር አትውጣ። በጎን ውጣ። እኔ ወለሉ ላይ ነጭ ፕላስተር በቀጥታ እለጥፋለሁ። ልጁ ፕላስተሩን ረግጦ ይገባል፣ ይመታል፣ ሲወጣ ግን ሁለቱም እግሮቹ ከፕላስተሩ ውጭ ማረፍ አለባቸው። ካላረፉ ከመጀመሪያው። አሰልቺ ነው። ግራኝ ከሆንክ ደግሞ የፊት እግርህ፣ ማለትም ቀኙ፣ ከተጋጣሚህ ግራ እግር ውጭ ይረፍ። ያኔ የአንተ ግራ እጅ ቀጥ ያለ መንገድ ያገኛል፤ እሱ ግን ቀኙን ለመሰንዘር መጀመሪያ ወደ አንተ መዞር አለበት። የኡሲክ ጥበብ የሚባለው ነገር ግማሹ ይህች የእግር ቦታ ናት።

መሀል ቤት መቆም

የፊዩሪ የክንድ ርዝመት፣ ሁለት እጁ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ሲለካ፣ 216 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የኡሲክ 198። ልዩነቱ 18 ሴንቲ ሜትር። ይህ ማለት እሱ የሚመታህ፣ አንተ ግን የማትመታው አንድ ጠባብ ቦታ አለ ማለት ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው! ወይ ጨርሰህ ውጣ፣ ወይ ጨርሰህ ግባ። «ትንሽ ላስብበት» የሚባልበት ቦታ አይደለም።

መግባትም ብቻውን አይበቃም። ጥር 22 ቀን 1973 ጃማይካ፣ ኪንግስተን ላይ ጆ ፍሬዘር ጆርጅ ፎርማንን ሲገጥም በክብደት ተቀራራቢ ነበሩ፤ ፎርማን ግን ረዘም ያለና ጉልበተኛ ነበር። ፍሬዘር እንደ ልማዱ ዝቅ እያለ ወደ ውስጥ ገባ። ፎርማን በሁለት እጁ ገፈተረው። ገፍትሮ የሚፈልገው ርቀት ላይ ሲያቆመው መታው። ፍሬዘር ተነስቶ በዚያው መስመር ተመለሰ። በሁለት ዙር ውስጥ ስድስት ጊዜ ወደቀ። ድፍረት አንሶት አይደለም፤ ፍሬዘር ነው እኮ! ሲገፉህ ግፊያውን ይዘህ ወደ ጎን ሂድ። ወደዚያው ቦታ ቀጥ ብለህ አትመለስ።

ከወገብ ማጎንበስ

ጉልበትህን እጠፍ። ከወገብህ ካጎነበስክ ከታች ወደ ላይ የሚመጣውን ቡጢ፣ አፐርካቱን፣ አታየውም፤ ፊትህን ራስህ ታቀብለዋለህ። በቃ።

አምልጦ ዝም ማለት

ጭንቅላቱን አዙሮ ቡጢ ያሳለፈ ልጅ ብዙ ጊዜ እኔን ያየኛል። «አየኸኝ?» ነው ነገሩ። አየሁህ። መልሱስ? የግዙፍ ሰው ቡጢ ሲስት ከባዱ ሰውነት አብሮ ይሄዳል፤ ለመመለስ ጊዜ ይወስድበታል። ያቺ ጊዜ ያንተ ናት። በ1990 ላስ ቬጋስ ላይ በስተር ዳግላስ ወደ 112 ኪሎ ሆኖ መጣ፣ ሆሊፊልድ ወደ 94 ኪሎ። ሦስተኛው ዙር ላይ ዳግላስ ከሩቅ አፐርካት ወረወረ። ከሩቅ አፐርካት! ሆሊፊልድ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ አሳለፈውና እዚያው ቀኝ እጁን ላከ። ግጥሚያው አለቀ። በ2025 ዌምብሌይ ላይም ዱቡዋ ከባድ ከባዱን እየወረወረ ሲመጣ ኡሲክ በ5ኛው ዙር ሁለቴ ጥሎ በዝረራ አሸነፈው። ያኔ የ38 ዓመት ሰው ነበር።

ክሊንች ውስጥ ማረፍ

ይህን ብዙ አሰልጣኝ አያስተምረውም፤ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ሁለቱ ሲተቃቀፉ ጀማሪው «እፎይ» ይላል። ትልቁ ግን ክንዱን አንገትህ ላይ ጥሎ ክብደቱን ለቀቀብህ። አንድ ኩንታል ተሸክመህ ቆመሃል ማለት ነው፣ ያውም በታጠፈ አንገት። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ካደረገህ በኋላ እግርህ የት ሄደ ብለህ ትገረማለህ።

ክርንህ ወደ ውስጥ ይግባ። ግንባርህን ከአገጩ ሥር፣ ደረቱ ላይ አድርግ፤ አንገትህ ቀጥ ይበል። ከዚያ አዙረው። ዝም ብለህ አትቁምለት፤ ትንሽ ትንሽ እየረገጥክ አዙረው። አንድ እጅህ ነጻ ከሆነች ጎኑን በዚያች ምታ፣ ዳኛው እስኪያላቅቃችሁ ድረስ። ዳኛው «ተላቀቁ» ሲል ደግሞ እጅህን ሳታወርድ ውጣ። ሲላቀቁ የሚመታ ሰው አለ፤ ባይፈቀድለትም አለ።

ግዙፍ ሁሉ አንድ ይመስላል

ዴቪድ ሄይ በ2009 ኑረምበርግ ላይ ቫሉዬቭን ገጠመ። ቫሉዬቭ 213 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ያን ቀን ወደ 143 ኪሎ ነበር። ሄይ 99 ኪሎ እንኳ አልሞላም። ሄይ መታ፣ ወጣ፤ መታ፣ ወጣ። በነጥብ አሸነፈ፣ በመጨረሻው ዙርም ግዙፉን አንገዳገደው። ከላይ መሸሽን ስረግም ነበርና «ይኸው ሠራለት እኮ» ትለኝ ይሆናል። አዎ ሠራለት። ቫሉዬቭ እጁም እግሩም ዘገምተኛ ስለነበር ነው።

በ2011 ሐምቡርግ ላይ ያንኑ ሐሳብ ይዞ ቭላድሚር ክሊችኮ ፊት ቆመ። ክሊችኮ 198 ሴንቲ ሜትር ነው። ጃቡ ግን ቶሎ ደርሶ ቶሎ ይመለሳል፣ እግሩም ያውቃል። ሄይ ከሩቅ ዘሎ ቀኝ እጁን ለመጣል ሌሊቱን ሙሉ አደባ። እድሉ ሳይመጣ 12 ዙር አለቀ። ሦስቱም ዳኞች ለክሊችኮ ሰጡ። በኋላ የእግር ጣቴ ተጎድቶ ነበር አለ።

ስለዚህ ተጋጣሚህን ስትመረምር ቁመቱን ተወው። ጃቡ ሲመለስ ወደ አገጩ ነው ወይስ ወደ ሆዱ? ሲመታ ሁለት እግሩ ይቀራረባል? ወደ ግራው ስትሄድበት ይጨነቃል ወይስ ወደ ቀኙ? ቁመት ሚዛን ላይ ሲቆም ሁሉም ሰው ያየዋል፤ ይህን ግን የሚያየው የሚፈልግ ሰው ብቻ ነው።

አንድ ደግሞ የሚያሳስት ውጤት አለ። በ2000 ክሪስ ባይርድ ቪታሊ ክሊችኮን በርሊን ላይ «አሸነፈ»። መዝገቡን ብቻ የሚያነብ ሰው ባይርድ ገመድ ላይ እየተንሸራተተ ግዙፍ መርታት እንደሚቻል ያሳየ ይመስለዋል። ክሊችኮ በሦስቱም ዳኞች በሰፊው እየመራ ነበር፤ ከ9ኛው ዙር በኋላ በትከሻ ጉዳት አቋረጠ። ባይርድ ድንቅ ቦክሰኛ ነው፣ እወደዋለሁ። ያን ቀን ግን ያዳነው የሰውየው ትከሻ ነው። በዚያው ዓመት የቪታሊ ታናሽ ወንድም ቭላድሚር ባይርድን በነጥብ በሰፊው አሸንፎታል።

በሦስት ወር ማበጥ

«ኮች፣ መቶ ኪሎ ልግባ?» አትግባ። ቢያንስ አሁን አትግባ። ኡሲክ በ2018 የክሩዘር ሚዛን (ከከባድ ሚዛን ዝቅ ያለው) ቀበቶዎችን ሁሉ ሲሰበስብ ጣሪያው 90.7 ኪሎ ነበር። በ2019 ወደ ከባድ ሚዛን ሲወጣ ወደ 97.5 ኪሎ ሆኖ መጣ፣ በ2020 ቺሶራን ሲገጥም ትንሽ ጨመረ፣ ከጆሹዋ ጋር 100 ደረሰ። ዓመታት ፈጀ ማለት ነው፤ እግሩም አብሮት ደረሰ። በታኅሣሥ 2024 ከፊዩሪ ጋር ለሁለተኛ ጊዜ ሲገናኙ እሱ ወደ 102.5፣ ፊዩሪ ወደ 127.5 ኪሎ ነበሩ። 25 ኪሎ ልዩነት! ሦስቱም ዳኞች ለኡሲክ 116 ለ112 ሰጡ። የእናንተ ግን በጭማቂና በዱቄት የመጣ ኪሎ ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ እናየዋለን።

ወኔ

ሆሊፊልድና ሪዲክ ቦው በ1992 ሲገናኙ ሆሊፊልድ ወደ 93 ኪሎ፣ ቦው ወደ 107 ነበር። ሆሊፊልድ ቆሞ ተቀባበለ። 10ኛውን ዙር ያየ ሰው አይረሳውም፤ ተመትቶ ሊወድቅ የደረሰው ሆሊፊልድ ዙሩ ሳያልቅ ቦውን መልሶ ሲያርበደብደው ነበር። ሕዝቡ አበደ። ነጥቡ ግን ለቦው ሄደ። በዓመቱ በአማኑኤል ስቱዋርድ አሰልጣኝነት ሲመለስ ቡጢውን በተከታታይ አሳርፎ ይወጣል፣ አይቀባበልም። በነጥብ አሸነፈ። ሰውዬው ያው ነው፣ ወኔውም ያው ነው። ገብቶ የሚወጣበት ሰዓት ብቻ ነው የተለወጠው።

ከወኔ ሁሉ የከፋው ደግሞ እየመሩ የሚመጣው ነው። ቢሊ ኮን። ሰኔ 18 ቀን 1941፣ ኒው ዮርክ። ኮን ከቀላል ከባድ ሚዛን (ያኔ ከከባድ ሚዛን አንድ ደረጃ ዝቅ ካለው) የመጣ፣ በይፋ ወደ 79 ኪሎ የተመዘነ ልጅ። ፊቱ የቆመው ጆ ሉዊስ ነው፣ ከ90 ኪሎ በላይ፣ የዘመኑ አስፈሪ ሰው። ኮን ገባ፣ ወጣ፣ በጎን ዞረ፣ በግራው አስጨነቀው። እስከ 12ኛው ዙር ሁለት ዳኞች ለእሱ መሪነት ሰጥተውታል፣ አንዱ እኩል ብሏል። በ12ኛው ሉዊስን አንገዳገደው። ግጥሚያው 15 ዙር ነው። ሦስት ዙር እንደ ጀመረው ቢጨርስ የዓለም ሻምፒዮን ነው።

13ኛው ዙር ላይ ምን አደረገ መሰለህ? በዝረራ ላሸንፍ ብሎ ቆሞ ተቀባበለ። ከጆ ሉዊስ ጋር! ዙሩ ሊያልቅ ሁለት ሰኮንድ ሲቀረው ተቆጥሮ አለቀ። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር እናደዳለሁ፤ ስምንት አሥርት ዓመት ያለፈው ነገር ነው፣ ግን እናደዳለሁ። ምክንያቱም በየሳምንቱ ጂም ውስጥ አየዋለሁ። ልጁ ሁለት ዙር በጥበብ ይጫወታል፣ ትልቁ ሰውዬ ፊቱ ቀልቶ ይተነፍሳል፣ ጓደኞቹ ከገመዱ ውጭ «ጨርሰው! ጨርሰው!» ይላሉ። ልጁም ይቆማል። ዘመድና ጓደኛ ስፓሪንግ ላይ አታምጡ።

ግዙፉ ሲዳከም ጥበብህን አትጣል። እንዲያውም ያኔ ነው ይበልጥ የሚሠራው። ኡሲክ በግንቦት 2024 በመጀመሪያው የፊዩሪ ግጥሚያ 9ኛ ዙር ላይ በግራው ሲያገኘው ሰውዬው ከገመድ ገመድ ሲላተም እንኳ ያየሁት ያችኑ የእግር ቦታ ነው። እየተከተለ፣ እየተጠጋ፣ በጎን እየቆመ። ዳኛው ገብቶ ቆጠረለት፣ ደወሉ አዳነው።

የ12 ዙር እቅድ ለሦስት ዙር

ይህን አሰልጣኞችም ይሳሳቱታል። «በመጀመሪያ አድክመው፣ በኋላ ታገኘዋለህ።» በኋላ የሚባለው መቼ ነው? አማተር ግጥሚያ ሦስት ዙር፣ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። ግዙፉ ዘጠኝ ደቂቃ ይችላል። ኡሲክ በመጀመሪያው የፊዩሪ ግጥሚያ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ዙር ተቸግሮ ነበር፣ በ6ኛው አፐርካት ክፉኛ አግኝቶታል፤ ያንን ማካካሻ ዙሮች ግን ነበሩት። አንተ የለህም። የመጀመሪያው ዙር መጀመሪያ ሰላሳ ሰኮንድ ላይ ጃቡን ሆዱ ላይ አሳርፍ። ሆድ አይሸሽም፣ ረጅም ሰው ደግሞ ሆዱን ለመከላከል ክርኑን ማውረድ አለበት። ኡሲክም ቢሆን በ2012 ለንደን ኦሊምፒክ በ91 ኪሎ ወርቅ ሲወስድ ሦስት ሦስት ዙር ነበር የተጫወተው። የ12 ዙሩ ኡሲክ በኋላ የመጣ ሰው ነው።

ቁርጥራጭ ቪዲዮ

የዝረራ ቅንብር ማየት ለመዝናናት ጥሩ ነው። ለመማር ከፈለግህ ግን ነሐሴ 2022 ጅዳ ላይ የተደረገውን የጆሹዋ ሁለተኛ ግጥሚያ ፈልግ። 9ኛውን ዙር እይ፤ የጆሹዋ ምርጥ ዙር ነው፣ ኡሲክን ሆዱ ላይ ይዞታል፣ ተመልካቹ ሁሉ ግጥሚያው የተገለበጠ መስሎታል። ከዚያ 10ኛውን እይ። ድምፁን አጥፋው፤ የሚተነትኑት ሰዎች ስለ እጅ ብቻ ነው የሚያወሩት። መጀመሪያ ከወገብ በታች ኡሲክን ብቻ ተከተል፣ ከዚያ መልሰህ ከወገብ በታች ጆሹዋን ብቻ። ማን ስንት ጊዜ ቆሞ እግሩን እንዳስተካከለ ወረቀት ላይ ምልክት አድርግ። ወረቀቱን ይዘህ ሰኞ ና።